ጸናጽሉ የት ገባ

ስለ ድምፅ ከማያውቅ ሰው ጋር መከራከር አልወድም እል ነበር። ውሸቴን ነው፤ በጣም እወድ ነበር። በተለይ ተከራካሪው ውድ ዕቃ ገዝቶ በዕቃው የሚኩራራ ከሆነ፣ ምሳዬን አስቀምጬ እሱን ማሳፈር ይቀናኝ ነበር። ይህን ጠባዬን ከተማችን ዘመሮ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሚስቴ «አንተ ሰው ካልነከስክ እህል አይወርድልህም» ትለኛለች። እኔም አልክድም።

ሥራዬ ድምፅ ነው። ከገበያው በላይ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ሬዲዮና ቴፕ፣ ማጉያና ሞንታርቦ እጠግናለሁ። ለሠርግም ለንግሥም ድምፅ የምተክለው እኔ ነኝ። የማልግባባው ከቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ጋር ነው፤ ሞንታርቦውን ጨርቅ ያለብሱብኛል። አገራችን ብርድ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ እኛ መንዞች ራቁቱን የቆመ ነገር ማየት አይሆንልንም። ሬዲዮው ዳንቴል ይለብሳል፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ይለብሳል፣ አግዳሚው አጎዛ፣ ኮርቻው አጎዛ። ሞንታርቦውም አቧራ እንዳይገባበት ተብሎ አፉ ላይ መጋረጃ ጣል ይደረግበታል። «ይህ ዕቃ የሚናገረው በአፉ ነው፤ አፉን አፍናችሁ ድምፁ ታፈነ ትሉኛላችሁ» እያልኩ ስንቱን ዲያቆን ሰው ፊት አሳፍሬያለሁ። አንዱማ አልቅሷል።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሁለት ሰዎች እኔ ዘንድ ይቀመጡ ነበር። አንደኛው ሚዜዬ ነው። አብሮኝ ያደገ፣ በሠርጌ ቀን ከጎኔ ያልተለየ፣ ከእናቴ ልጆች የበለጠ ወንድሜ። ዝምተኛ ነው፤ ሲስቅ እንኳ ድምፅ የለውም። ሁለተኛው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የፊዚክስ መምህር ነው፤ እሱ ደግሞ ሁሉን ነገር በሥዕል ካላስረዳ አያርፍም። ሦስታችንን ያቀራረበን የድምፅ ፍቅር ነው። አንድን መዝሙር በአሥር ዓይነት ማዳመጫ ሰምተን የትኛው ላይ የበገናው ጅማት ሲነካ ይሰማል ብለን የምንጣላ ሰዎች ነበርን። ሌላው ሰው ያበድን መሰለው፤ ግድ አልነበረንም።

ስልካችን ላይ የድምፅ ወዳጆች ግሩፕ አለ። አብዛኞቹ አባላት አዲስ አበቤዎች ናቸው፤ የደብረ ብርሃንም ጥቂት አሉ። ያን ጊዜ ግሩፑ ሌት ተቀን የሚነታረከው ስለ አንድ የውጭ ሄድፎን ሠሪ ኩባንያ ነበር። ስሙን አልጠራውም፤ እኔ በስሙ የሠራሁት ሥራ ይበቃዋል። ግማሹ ሰው «ከእሱ በላይ ድምፅ የሚያውቅ የለም፤ የተቀዳውን እንደተቀዳ የሚያሰማ እሱ ብቻ ነው» ይላል። ግማሹ «የምትከፍሉት ለስሙና ለሳጥኑ ነው» ይላል። «የድሮዎቹ ብረት ነበሩ፣ የዛሬዎቹ ፕላስቲክ ናቸው» የሚል አለ። «ሽቦው አንገቱ ላይ ይበጠሳል» የሚል አለ። «የእኔ ስምንት ዓመቱ ነው፣ አልተበጠሰም» ብሎ ፎቶ የሚለጥፍ አለ። ከሁሉም የሚያናድዱኝ ግን «አዲስ ሄድፎን ወዲያው አይፈረድበትም፤ መቶ ሰዓት ያህል ሲሠራ ነው ድምፁ የሚከፈተው» የሚሉት ነበሩ። ገንዘባቸውን አውጥተው ሲቆጫቸው ራሳቸውን የሚያጽናኑበት ተረት ነው እል ነበር። «ጫማ ነው እንዴ እየዋለ የሚሰፋው?» ብዬ ጽፌ ብዙ ሰው አስቄያለሁ።

እኔ ያን ጊዜ ኩባንያውን አልጠላም ነበር። የምጠላው ወዳጆቹን ነበር። አንድ ቀን ሄድፎን የሚፈተነው በማኅሌት ነው ብዬ ጻፍኩ። ከበሮው ከታች፣ ጸናጽሉ ከላይ፣ መቋሚያው ከመሐል፤ ሦስቱን ለይቶ ያላሰማ ማዳመጫ ለጆሮ ጌጥ ካልሆነ አይረባም አልኩ። የዚህን ኩባንያ ሦስት ሄድፎን እንዳለው በየቀኑ የሚነግረን አንድ ሰውዬ መለሰልኝ። «ሞንታርቦ ያደነቆረው የገጠር ጆሮ የዚህን ኩባንያ ድምፅ ሊለይ አይችልም» አለ። መቶ ሰው ሳቀብኝ። ያ ስድብ ውስጤ ገብቶ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ ከዚያ የመነጨ ነው።

ሚዜዬ በዚያው ሰሞን ሱቅ ከፈተ። እርሻውን ለወንድሙ ሰጥቶ ያለ የሌለውን አሟጦ የከፈታት ሱቅ ናት። ከአዲስ አበባም የዚህን ኩባንያ ሄድፎን አንድ ሙሉ ካርቶን ይዞ መጣ። የሱቁ ዋና ዕቃ እሱ ነበር፤ የቀረው ባትሪና ቻርጀር ነው። መምህራኑ፣ የጤና ጣቢያው ሰዎች፣ ዜማ የሚማሩት ዲያቆናት ይገዙኛል ብሎ ነው። ካርቶኑን ቀዶ የመጀመሪያውን አወጣና ለእኔ ሰጠኝ።

«ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ» አለኝ። «ለእኔ ብዬ ነው። ስለ ድምፅ ሰው አንተን ያምናል። አዳምጠውና የሰማኸውን ተናገር።»

እዚያው ሱቁ በር ላይ፣ የገበያ ሰው እየተጋፋን፣ የአንድ መዝሙር ግማሽ ሰማሁበት። «አይከፋም» አልኩ። ከእኔ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና እንደሆነ ስለሚያውቅ ሳቀ። ቤቴ ወስጄ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት፤ ሥራም ስለበዛብኝ ለሳምንታት አልነካሁትም።

ኅዳር ገባ። የዘመሮን የኅዳር ውርጭ የማያውቅ ሰው ምን ልበለው። የሄድፎኑ የጆሮ ትራስ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው፤ ጠዋት ጆሮዬ ላይ ሳደርገው እንደ በረዶ ያቃጥለኛል። «ጆሮዬን ሊቆርጠው ነው» ብዬ ሚስቴ ፊት አጉረመረምኩ። እሷ ደግሞ ነገር አታሳድርም። ከአሮጌ አጎዛ ሁለት ክብ ቆርጣ፣ ጠጉሩን ወደ ጆሮ አዙራ፣ ሁለቱም ትራሶች ላይ እንደ ቆብ አድርጋ ሰፋችልኝ። የሞቀ ነገር ነበር። ራሴ ላይ ሳደርገው እንቅልፌ ይመጣል። እውነቴን ነው የምለው፣ አጎዛው ከተሰፋ ከሦስት ቀን በኋላ መኖሩንም ረሳሁት። ቤታችን ውስጥ አጎዛ ያልለበሰው ጣሪያው ብቻ ነው፤ ዓይኔ ለምዶታል።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ያ ሰውዬ ግሩፑ ላይ እንደገና ነካካኝ። «የማኅሌቱ ሊቅ፣ እስቲ ሰምተህ ፍረድ» አለ። እሰማለሁ አልኩ። ባለፈው ንግሥ ራሴ የቀዳሁትን ማኅሌት ከፍቼ ሄድፎኑን አደረግኩ። ከበሮው መጣ፣ ድፍን ያለ፣ ወፍራም። መቋሚያው ከሩቅ መጣ። ጸናጽሉን ጠበቅኩ። የለም። ደጋግሜ አዳመጥኩ፣ የለም። ያን ዕለት መቅጃውን የያዝኩት ከጸናጽሉ አጠገብ ቆሜ ነው፤ ድምፁ ጆሮዬን እንደወጋኝ ትዝ ይለኛል። ሄድፎኑ ላይ ግን ጓዳ ውስጥ ሰው ቁልፍ የሚቆጥር ያህል እንኳ አይሰማም።

ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሱቁ በር ላይ «አይከፋም» ማለቴ ትዝ ቢለኝም የገበያ ጫጫታ አሳስቶኝ ነው አልኩና ተውኩት። ማመን የፈለግኩትን ነገር ጆሮዬ ራሱ አምጥቶ ሰጠኝ። ሚዜዬም፣ ሱቁም፣ ካርቶኑም አልታሰቡኝም። የታሰበኝ ያ ሰውዬ ብቻ ነው። ስልኬን አንሥቼ ድምፄን ቀዳሁ።

«ያልኳችሁ ማኅሌት ይኸው» አልኩ። «ከበሮው አለ፣ መቋሚያው አለ። ጸናጽሉ የት ገባ? ይህን ሁሉ ገንዘብ አስከፍሎ ጸናጽል የሚውጥ ኩባንያ ሌባ ነው። የሚገዛውም ደንቆሮ ነው፣ የሚሸጠውም የሌባ ተቀባይ ነው።»

የመጨረሻዋን ነገር የጨመርኳት ለጨዋታው ማሳመሪያ ነበር። ሰው የያዘው ግን እሷን ነው።

ድምፄ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ዞረ። ጎረቤት ከተሞች ቀየትና ራቤል ደረሰ። የማላውቀው ሰው በስልክ ደውሎ «አፍህ ይባረክ» አለኝ። ያ ሰውዬ ለሁለት ቀን ዝም አለ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ንጉሥ ሆንኩ። ዘመሮ ላይማ ቀልድ ሆነ። ገበያ ላይ ጨው የጎደለው ወጥ የቀመሰ ሁሉ «ጸናጽሉ የት ገባ?» ይላል። ሚዜዬ በመንገድ ሲያልፍ ልጆች ሳይቀሩ «ጸናጽሉ የት ገባ?» ይሉት ጀመር። ከሱቁ ገዝተው የነበሩ መምህራን ሄድፎኑን መለሱለት። እስከዚያ ቀን ድረስ እኮ ሲያዳምጡበት ከርመዋል፤ አንድም ሰው አልከፋውም ነበር። ከእኔ ቃል በኋላ ግን የራሳቸውን ጆሮ ማመን ፈሩ።

ሚዜዬ ወደ ቤቴ የመጣው በአምስተኛው ቀን ነው። መምህሩም አብሮት ነበር። ሚዜዬ አልተቀመጠም።

«ለምን መጀመሪያ ለእኔ አልነገርከኝም?» አለ።

«የሰማሁትን እንድናገር ያዘዝከኝ አንተ ነህ።»

«እንድትናገር አልኩህ። የሌባ ተቀባይ በለኝ አላልኩህም።»

ይቅርታ ማለት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። እኔ ግን ኩባንያው ሌባ ከሆነ ከእሱ የገዛ ምን ሊባል ነው ብዬ ሞገትኩት። መምህሩ ከቦርሳው የራሱን ሄድፎን አወጣ። የእሱ ላይ ጸናጽሉ ጥርት ብሎ እንደሚሰማ ነገረኝ፤ አድርገውና ስማው ብሎ ወደ እኔ ዘረጋው። እጁን ገፋሁት። የጠመኔ አቧራ የሞላው ጆሮ ምኑን ይሰማል አልኩት። እንግዲህ ቁርጡን ልናገር፦ ያን ሄድፎን ራሴ ላይ አድርጌው ቢሆን ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ያላደረግኩት ጸናጽሉ ይሰማኛል ብዬ ስለፈራሁ ይመስለኛል።

ሚዜዬ ቀና ብሎ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን የእኔን ሄድፎን አየ። ቆየት ብሎ አየው። የሚለው ነገር ያለው መስሎኝ ነበር፤ አፉን ከፈት አድርጎ መልሶ ገጠመው።

«አንተ የምትሰማው በጆሮህ አይደለም፣ በአፍህ ነው» አለኝና ወጣ። መምህሩም ተከተለው። እኔ ከኋላቸው የወረወርኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ እሱ ወዲያ ማዶ ይሻገራል፣ እኔ ወዲህ ማዶ። መሻገር ያልተቻለው የማርያም ማኅበራችን ላይ ነው። በየወሩ በሃያ አንድ እየተዘዋወርን የምንጠጣው ጽዋ አለ፤ አባቶቻችንም አብረው ጠጥተውታል። ሕጉ አንድ ነው፤ የተኳረፈ ሰው ከጽዋው አይቀምስም። የታኅሣሡ ተራ የአንዲት አሮጊት አባል ነበር። ጽዋው ዞሮ እኔ ዘንድ ሊደርስ ሲል የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የምንላቸው፣ እጃቸውን አነሡ። ሙሴአችን ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማኅሌት የቆሙ፣ ጸናጽል ይዘው ያረጁ ሰው።

እናንተ ሁለታችሁ አትነጋገሩም ሲባል ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁን። አዎ አልን። ምክንያቱን ሲጠይቁ ማን እንደተናገረ እንጃ፣ በጆሮ ላይ የሚደረግ ዕቃ ነው ተባለ። ሴቶቹ ሳቁ። ማኅበሩ በድንበር የተጣላ፣ በውርስ የተጣላ አስታርቋል፤ በጆሮ መሸፈኛ የተጣላ ግን አይቶ አያውቅም። ሙሴው አልሳቁም።

«ጸናጽል የለውም ያልከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ጸናጽል እኔም አውቃለሁ። ለጥር ማርያም ሁለታችሁም ዕቃችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እኔ እሰማዋለሁ። እስከዚያ ጽዋውን አትቀምሱም።»

ጽዋው በእኔና በሚዜዬ ፊት አልፎ ሄደ። ደረቅ ዳቦ በልቼ ወጣሁ። እንደዚያ ቀን ተዋርጄ አላውቅም፤ ውርደቴንም በሚዜዬ ላይ ጻፍኩት። ጥር ሃያ አንድ ሲደርስ ሙሴው ሰምተው ይፈርዱልኛል፣ ያን ጊዜ ፊቱን አያለሁ እያልኩ ወሩን ሙሉ ተዘጋጀሁ።

በጥር ሃያ ሚስቴ ለበዓሉ ቤት ስታጸዳ አጎዛውን ሁሉ ደጅ አውጥታ ፀሐይ አስመታች። የአግዳሚውን፣ የአልጋውን፣ አጎዛ አጎዛ ነውና የሄድፎኑንም ፈትታ ከድንጋዩ ላይ ዘረጋችው። እኔ ለነገ የሚሰማውን ቅጂ ላዘጋጅ ብዬ ሄድፎኑን ሳላየው ራሴ ላይ አደረግኩ። ትራሱ ቀዘቀዘኝ። ቀጥሎ ጸናጽሉ መጣ።

ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ እንደሚወርድ ነበር የመጣው። እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው ይሰማል። ዲያቆኑ ሲደክመው ጸናጽሉ እጁ ላይ እንዴት እንደሚዝል፣ መልሶ እንዴት እንደሚበረታ ሳይቀር ይሰማል። አወለቅኩት። ወደ ደጅ ወጥቼ አጎዛውን ከድንጋዩ ላይ አነሣሁና ትራሱ ላይ ይዤ እንደገና አዳመጥኩ። ጸናጽሉ ጠፋ። አነሣሁት፤ መጣ። መለስኩት፤ ጠፋ። ሞንታርቦ አለበሳችሁ ብዬ ዲያቆን ያስለቀስኩ ሰውዬ፣ ወር ሙሉ አንድ አገር ሕዝብ በአጎዛ ጆሮ አስፈርጃለሁ።

ሚስቴ መጥረጊያዋን ይዛ ታየኛለች። «ምን ሆንክ?» አለችኝ። ማን ስፊ አለሽ ብዬ ጮኽኩባት። «አንተ ነህ ጆሮዬን ቆረጠኝ ያልከው» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ልክ ነበረች። ጥፋቱን የምጥልበት ሌላ ሰው አጣሁ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ጥገና ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፤ ነገ ምን እላለሁ? እውነቱን ብናገር ሚዜዬ ሱቁን ያተርፋል፤ ከካርቶኑ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ገና አልተሸጠም። እኔ ግን የዘመሮ መሳቂያ እሆናለሁ፤ ያ ሰውዬም ይሰማል፤ «የገጠር ጆሮ» ያለኝ ሰውዬ። አጎዛውን መልሼ ባለብሰው ደግሞ የሙሴውን ጆሮ ማታለል ይሆናል፤ በማርያም ዕለት፣ ጽዋው ፊት። ይህን አልደፈርኩም። ስለዚህ ፈሪ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ሦስተኛ መንገድ ፈለግኩ።

በማግስቱ ማኅበሩ የተቀመጠው ሙሴው ቤት ነው፤ ተራው የእሳቸው ነበር። ሙሴው ጥምጥማቸውን ገለጥ አድርገው መጀመሪያ የእኔን፣ ቀጥሎ የሚዜዬን አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ሰሙ።

«ሁለቱም አንድ ናቸው» አሉ ሲያወልቁ። «ጸናጽሉ አለ። እንዲያውም ጸናጽል ከያዙት አንዱ ከዜማው ወደኋላ ይቀራል። ታዲያ አንተ ምኑን ነው የለም ያልከው?»

ተዘጋጅቼ ነበር። አዲስ ሄድፎን ሲገዛ ድምፁ ዝግ ነው አልኩ። ብዙ ሰዓት ሲሠራ ነው የሚከፈተው፣ ይህም በድምፅ ዐዋቂዎች ዘንድ የታወቀ ነው፣ እኔ የፈረድኩት ሳይከፈት ነው፣ አሁን ግን ተከፍቷል አልኩ። ወር ሙሉ ሳፌዝበት የኖርኩትን ተረት እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ወጣሁት። አንዲት አሮጊት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምን ይገርማል፣ ማሰሮስ ቢሆን ሳይሟሽ ይሆናል እንዴ» አሉ። ሰው ሁሉ ገባው፤ ሄድፎኑ አልተሟሸም ነበር ማለት ነው። ሳቅ ሆነ፣ ቀለለ። ሚዜዬ ብቻ አልሳቀም። እኔን አላየኝም፤ እጄ ላይ ያለውን ሄድፎን፣ ራቁቱን የቀረውን ትራሱን ነው የሚያየው።

«በሉ እንግዲህ ይቅር ተባባሉ» አሉ ሙሴው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ ሚዜዬ። እኔም አልኩ። ትከሻ ለትከሻ ተነካካን። ጽዋው ዞሮ መጣ፤ እሱ ቀመሰ፣ እኔ ቀመስኩ። ጠላው ጥሩ ነበር፤ አልወርድ ያለው እኔን ነው።

ስንወጣ ደጃፉ ላይ ጫማውን ሲያጠልቅ ደረስኩበት። ቀና ሳይል ተናገረኝ።

«አጎዛውን የት አደረግኸው?»

«ቤት አለ» አልኩት።

«ያን ቀን ቤትህ ስመጣ አይቼው ነበር» አለ። «መምህሩ ፊት ብነግርህ ታፍራለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ራሱ ያገኘዋል፣ ሲያገኘው ይናገራል ብዬ ነበር።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ምን የመሰለ ነገር ነበር፤ መልስ አላጣም ነበር። ጫማውን አሰረና ሄደ።

እውነቱን ግሩፑ ላይ የተናገርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል። አጎዛውን፣ ሚስማሩን፣ ጸናጽሉን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ማንም አልሰማም። ግሩፑ ወደ ሌላ ኩባንያ ተሻግሮ ሌላ ጠብ ላይ ነበር። ያ ሰውዬ የሳቅ ምልክት ለጠፈልኝ፣ ያችው ናት። ዘመሮ ላይም ለአንድ ለሁለት ሰው ነገርኩ፤ ሚዜህን ለመካስ ብለህ ነው የምትለው አሉኝ። የመጀመሪያው ወሬ ስለሚያስቅ እሱን መረጡ። ሚዜዬ የቀረውን ካርቶን ደብረ ብርሃን ወስዶ በርካሽ ጣለው። አሁን ሱቁ ውስጥ ሳሙናና የላስቲክ ጫማ ነው ያለው። ማዳመጫ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ በእጁ ወደ ውጭ ያሳየዋል። መምህሩም እኔ ዘንድ አይመጣም።

የሐምሌው ጽዋ ተራው የእኔ ነበር። ዝናቡም ብርዱም አንድ ላይ የወረዱበት ቀን ነው። ሚዜዬ መጣ፤ ማኅበር ስለሆነ ነው እንጂ ለእኔ ብሎ አይደለም። ሚስቴ የተሻለውን ቦታ ለእሱ ለይታ፣ አዲሱን አጎዛ አግዳሚው ላይ አንጥፋለት ነበር። እሱ ቆሞ አየው። አጎዛውን በሁለት እጁ አነሣና በጥንቃቄ አጠፈው፤ ወደ እኔ መጥቶ ጉልበቴ ላይ አኖረው።

«አንተ ይበርድሃል» አለኝ፣ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ተመልሶ ባዶው እንጨት ላይ ተቀመጠ። ጽዋው ተዳርሶ እስኪያልቅ ድረስ አጎዛውን ታቅፌ ተቀመጥኩ።